በካርቱም ሰማይ አንደኛ ማዕረግ ምን ይገዛል?

ሱዳን ውስጥ መንገድ መጀመር ቀላል ነው፤ መጨረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ደቡቡ በ2011 ተለይቶ ራሱን የቻለ መንግሥት እስከሆነበት ጊዜ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሩ ስፋት ወደ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስለነበረ በመላው አፍሪካ የሚወዳደረው አልነበረም። ወደ ምዕራብ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ኒያላ የደረሰው በ1959 ሲሆን፣ ወደ ደቡብ የዘለቀው ደግሞ በ1962 ዋው ላይ ቆመ። ጁባ የሚሄድ ሰው ነጭ ዓባይን ይዞ በመርከብ ሽቅብ ሲጓዝ ቀናት መቁጠር ነበረበት። ከካርቱም እስከ ፖርት ሱዳን በአትባራ በኩል የሚወስደው የመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በሱዳን የአገር ውስጥ አይሮፕላን የቅንጦት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ጭቃ ለሚዘጋው መንገድ ምትክ ሆኖ ኖሯል።

ይሁን እንጂ በዚህ የሰማይ መንገድ ላይም መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ወዲህ ሰፋ ያለ ወንበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጠበብ ያለ ወንበር፤ ወዲህ አንደኛ ማዕረግ፣ ወዲያ ሁለተኛ ማዕረግ ይባላል። በቋንቋችን «ማዕረግ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። ለወታደሩ በትከሻው ላይ የሚያርፈው፣ በአገልግሎትና በሹመት የሚገኘው ነው፤ ለመንገደኛው ደግሞ ከድሬዳዋው ባቡር ጀምሮ እንደምናውቀው በገንዘብ የሚገዛው ስፍራ ነው። ሁለቱ ማዕረጎች በሱዳን የአየር ጉዞ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛም ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው፦ በአሮጌ የጄት አይሮፕላን፣ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት በሚፈጅ የአገር ውስጥ በረራ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የተቀመጠው ሰው በእርግጥ ምን አግኝቷል?

የሱዳን አየር መንገድ የተቋቋመው በ1946 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ቅርንጫፍ ነበር። የእኛው አየር መንገድ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የሱዳኖቹ በረራ በ1947 የተጀመረው ዳቭ በሚባሉ፣ ሁለት ሞተር ባላቸው ትንንሽ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ነበር። ዳቭ የሚጭነው ሰው ጥቂት ስለነበረ፣ መጋረጃ ለመስቀል ቢታሰብ እንኳ ከመጋረጃው ወዲያ የሚቀር ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። በ1962 ፎከር 27 የተባለው የሆላንድ አይሮፕላን ገባ። ይህ አይሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተገጠመ በመሆኑ፣ በመስኮት በኩል የሚቀመጥ መንገደኛ የዓባይን መታጠፊያና የገዚራን የጥጥ እርሻ ያለ ከልካይ ማየት ይችላል። ዳሩ ግን የመንገደኛው በር ያለው ከኋላ ነው፤ ከፊት ሻንጣና ዕቃ ይጫናል፤ የፕሮፔለሩ ጩኸትና ንዝረትም የሚበረታው ከፊት በኩል ነው። እንግዲህ በፎከር ላይ ብልህ መንገደኛ የሚሽቀዳደመው ለኋላው ወንበር ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው ቦይንግ 737-200 በ1975 ወደ ካርቱም ሲመጣ ነው። ይህ የጄት አይሮፕላን በዓለም ላይ ሥራው ከ1967 እስከ 1988 ድረስ ያለማቋረጥ ተመርቷል፤ በየድሃው አገርም በታማኝነት ያገለገለ የበረሃ ግመል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። መሬት ቀረብ ብሎ ስለሚቆም ሻንጣውን ያለ ማንሻ መኪና በሰው እጅ መጫን ይቻላል። ከፊተኛው በር ሥር የሚታጠፍ የራሱ ደረጃ ሊገጠምለት ስለሚችል፣ ደረጃ የሚያቀርብለት መኪና በሌለበት ማረፊያም መንገደኛውን ያወርዳል። በጠጠር ሜዳ ላይ እንዲያርፍ የሚያስችለው መከላከያም ለሚፈልግ ደንበኛ በትእዛዝ ይሠራለት ነበር። እነዚህ ሁሉ ለኒያላ፣ ለፋሸር፣ ለጂኔይና እና ለመሳሰሉት ከተሞች ምን ያህል ትርጉም እንዳላቸው የአውራጃ ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ ይረዳዋል።

የአይሮፕላኑ ውስጠኛ ወርድ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሁለተኛ ማዕረግ በአንድ ረድፍ ስድስት ሰዎች፣ ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ይቀመጣሉ። በአንደኛ ማዕረግ ግን በዚያው ወርድ ላይ አራት ብቻ ናቸው። የጉልበት ማሳረፊያውም ሰፋ ይላል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ ስምንት የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች የሚይዙት ሁለት ረድፍ ለአሥራ ሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጡ ሰዎች የሚበቃ ቦታ ነው። አይሮፕላኑ በሙሉ ሁለተኛ ማዕረግ ቢደረግ እስከ 130 ሰው ይጭናል፤ ሁለት ማዕረግ ሲለይለት ወደ 100 ዝቅ ይላል። የቲኬቱ ዋጋ ከፍ የሚለው ስለ ምግቡ አይደለም፤ ሳይቀመጡ ስለቀሩት ሰዎች ነው። ምግቡማ ከካርቱም ፖርት ሱዳን እስኪደረስ ድረስ ምን ያህል ሊሆን ይችላል? አንድ ብርጭቆ የከርከዴ መጠጥ፣ አንድ ስኒ ሻይ፣ ጥቂት የሚቀመስ ነገር ነው። ከ1983 ሕግ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አልኮል በአገሩ የተከለከለ ስለነበረ፣ በሌላው ዓለም የአንደኛ ማዕረግ መለያ የሆነው መለኪያ በዚያ አይታሰብም ነበር።

ከፊት የመቀመጥ እውነተኛው ትርፍ ጸጥታው ነው። የ737-200 ሞተሮች ቀጠን ያሉ ረጃጅም ቱቦዎች ሲሆኑ፣ ትኩስ ጭሳቸውን የሚተፉት ከክንፉ ጀርባ ነው። ጩኸታቸው የኋላ ረድፎችን ያደነቁራል፤ ከፊት ግን ሰው ድምፁን ሳያነሣ ሊጫወት ይችላል። ነገር ግን አቧራ የቀላቀለው ሀቡብ የሚባለው የካርቱም ማዕበል በሚነሣበት ወራት፣ ወይም በቀትር ሙቀት አየሩ በሚፈላበት ጊዜ አይሮፕላኑ መንገጫገጭ ሲጀምር፣ አነስ ያለ ንቅናቄ የሚሰማው በክንፉ ትክክል የተቀመጠው የሁለተኛ ማዕረግ መንገደኛ ነው። አፍንጫውና ጅራቱ እንደ ሚዛን ጫፍ ሲወጡና ሲወርዱ፣ መካከሉ ረጋ ይላል። ገንዘብ የከፈለው ሰው በዚህ በኩል ከገዛው በላይ ይናጣል።

አንድ አስገራሚ ነገር እንጨምር። ወደ ካርቱም በ1975 የመጡት ሁለት ቦይንጎች የዕቃና የሰው መጫኛ ሆነው እንዲለዋወጡ የተሠሩ ነበሩ። በዚህ ዓይነቱ አይሮፕላን ከፊት በግራ ጎን በኩል ሰፊ የዕቃ በር አለው። ዕቃና ሰው አብሮ ሲጫንበት ዕቃው ከፊት፣ ሰው ከኋላ ይደረጋል። የክብሩን ስፍራ የያዘው ሳጥንና ከረጢት ይሆናል ማለት ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወርድ፣ ስለ ድምፅና ስለ ሻይ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ወንበሩ ሰውን በሰላም ከማድረስ ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

በጁላይ 8 ቀን 2003 ጎህ ሳይቀድ የሱዳን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 139 ከፖርት ሱዳን ወደ ካርቱም ለመሄድ ተነሣ። አይሮፕላኑ ቀደም ሲል ከጠቀስናቸው ከሁለቱ ቦይንጎች አንዱ ሲሆን ዕድሜው 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንደኛው ሞተር ሥራውን አቆመ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ማኮብኮቢያውን ስተው ወደቁ። በውስጡ ከነበሩት 117 ሰዎች 116ቱ ሞቱ፤ የተረፈው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አይሮፕላን በአንዱ ሞተር ብቻ በሮ እንዲያርፍ ሆኖ እንደሚሠራ ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። እንግዲህ አንድ ሞተር መቆሙ ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም፤ የጥገናው፣ የልምምዱ፣ የሌሊቱ፣ የማረፊያው ሁኔታ ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። የሱዳን ባለሥልጣኖች አሜሪካ በ1997 የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የመለዋወጫ ዕቃ እንዳያገኙ አድርጎናል ሲሉ ያን ጊዜ ከሰሱ፤ አባባሉም ክርክር አስነሣ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወው። ሊካድ የማይቻለው ነገር፣ በወቅቱ ያልተለወጠ አንድ ዕቃ ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሰዎች ለይቶ አለማወቁ ነው።

አሮጌ አይሮፕላን ሁሉ አደገኛ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን። የአይሮፕላን ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ጊዜ ብዛት ጭምር ነው። ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ አየር ይታመቃል፤ ሲወርድ ይለቀቃል፤ አካሉም እንደ ወናፍ በየጊዜው ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ በቀን አንድ ጊዜ ከሚያርፈው ይልቅ ከከተማ ከተማ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው የአገር ውስጥ አይሮፕላን ፈጥኖ ያረጃል። ይህን ዓለም በሚገባ የተረዳው በአፕሪል 28 ቀን 1988 ነው። በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይመላለስ የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ 737-200 ከ89 ሺህ ጊዜ በላይ ተነሥቶ ካረፈ በኋላ፣ በአየር ላይ ሳለ የጣሪያው ፊተኛ ክፍል ከበሩ ኋላ ጀምሮ እስከ ክንፉ አጠገብ ድረስ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። አብራሪዎቹ የቀሩትን 94 ሰዎች ይዘው ማረፋቸው እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ጣሪያው የተገነጠለው በጀርባው ወይም በጅራቱ በኩል እንዳልነበረ ልብ ይሏል፤ የተገነጠለው የፊተኞቹ ረድፎች ጣሪያ ነው።

አዲስነትም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም። ለዚህ ከካርቱም ወደ አገራችን እንሻገር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት በሴፕቴምበር 15 ቀን 1988፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737-200 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግቦች መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አይሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲዞሩ ሁለቱም ሞተሮች ስለቆሙ፣ አይሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ ሜዳ ላይ ዐረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። ርግቦቹን ከሜዳ የሚያባርር ዘበኛ ሊከላከለው የሚችለውን አደጋ የትኛው ወንበር ሊከላከለው ይችላል?

ካርቱም ላይ ደግሞ ከርግብ የከፋ ነገር ነበረ። በኦገስት 16 ቀን 1986 ከማላካል ወደ ካርቱም ለመሄድ የተነሣው ፎከር 27 በአማፅያን ሚሳይል ተመትቶ በውስጡ የነበሩት 60 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ወደ ደቡብ የሚደረገው የመንገደኞች በረራም ወዲያው ተቋረጠ። በጃንዋሪ 2007 ከካርቱም ወደ ፋሸር ይበር የነበረ 737-200 በአንድ የታጠቀ ሰው ተጠልፎ ቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና እንዲያርፍ ተገደደ። በኦገስት 2008 ከኒያላ ወደ ካርቱም የተነሣ ሌላ 737-200 ደግሞ ወደ ሊቢያ በረሃ፣ ወደ ኩፍራ ተወሰደ። በሁለቱም ጊዜ መንገደኞቹ በሕይወት ወጡ። ጠላፊ የሚፈልገው የአብራሪውን ክፍል እንደመሆኑ መጠን፣ ከሁሉ ቀድሞ የጦር መሣሪያ የሚያየው ለዚያ በር የቀረበው መንገደኛ መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሌላው ማዕረግ፣ በትከሻ ላይ ወደሚያርፈው እንምጣ። ከካርቱም የሚነሡ የሹማምንት በረራዎች ቲኬት አይቆረጥባቸውም፤ መጋረጃም አያስፈልጋቸውም፤ አይሮፕላኑ በሙሉ አንደኛ ማዕረግ ነው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1998 የሱዳን የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ጄኔራል አል ዙቤር መሐመድ ሳሌህ የነበሩበት አንቶኖቭ በናስር ሲያርፍ ከሜዳው አልፎ ሶባት ወንዝ ውስጥ ገባና እሳቸውን ጨምሮ ብዙ ባለሥልጣኖች ሞቱ። በአፕሪል 4 ቀን 2001 ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ኮሎኔል ኢብራሂም ሻምስ አል ዲን ከሌሎች ከፍተኛ መኮንኖች ጋር በአዳሪል አለቁ። በኦገስት 19 ቀን 2012፣ በኢድ አልፈጥር ዕለት፣ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትሩን ጋዚ አል ሳዲቅን ይዞ ወደ ታሎዲ ይጓዝ የነበረ አንቶኖቭ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሚኒስትርም፣ አጃቢም፣ የበረራ ሠራተኛም ነበሩ።

የሹማምንቱ ጉዞ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው «ዛሬ መድረስ አለብኝ» ሲል፣ አብራሪው ሜዳው አጭር ነው፣ አቧራው በዝቷል፣ ነገ እንሂድ ለማለት የሚደፍርበት ሁኔታ መኖር አለበት። በአይሮፕላን ውስጥ የሚሠራው ማዕረግ የአብራሪው ብቻ መሆኑን ብዙ የአየር ኃይሎች በመመሪያቸው ጽፈውታል። ደንቡ በወረቀት ላይ መኖሩና ሻምበሉ ለጄኔራሉ «አይሆንም» ብሎ መመለስ መቻሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ እንደሚመስለን፣ ይህች አንዲት ቃል ከስምንቱም ሰፋፊ ወንበሮች የበለጠ ዋጋ አላት።

የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ለዚህ ቃል ብዙ ጊዜ ምክንያት የሚሰጥ ስፍራ ነው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ከበባው፤ ዛሬ በመኖሪያ ሰፈሮችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል ይገኛል። ማኮብኮቢያው አንድ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ከባድ አይሮፕላን ከምድር ለመላቀቅ ረዘም ያለ ሜዳ ስለሚፈልግ፣ ወይ ጭነት ይቀነሳል፣ ወይ ማለዳ ይበረራል። የካርቱም መንገደኛ ገና ሳይነጋ ሻንጣውን ተሸክሞ የሚሰለፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሰልፉ ላይ ልጁን ወደ ሐኪም የሚወስድ አባት፣ ከፈቃድ የሚመለስ ወታደር፣ የሙጫና የሰሊጥ ነጋዴ ይገኛሉ። የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ሰልፉን አልፎ ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዚያ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ከጥላ ሥር መቀመጥ የሚከፈልበት ጉዳይ ነው፤ ያገኘውን ሰው አንነቅፈውም።

የምንነቅፈው የገንዘቡን አካሄድ ነው። ያረጀ አይሮፕላን የገዛ አየር መንገድ ገንዘብ ሲያጥረው በቅድሚያ የሚያድሰው ምንጣፉንና የወንበሩን ልብስ የሆነ እንደሆነ፣ ሠራተኛውም ሆነ መንገደኛው ሊጠይቀው ይገባል። የወንበር ልብስ ይታያል፤ በሞተሩ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ መጣል ያለበት የብረት ቀለበት ግን አይታይም። መንገደኛው ሊያየው የሚችለው ምልክት ጥቂት ነው፦ በረራው በብልሽት ምክንያት ሲዘገይ ሠራተኞቹ ምክንያቱን ይናገራሉ ወይ? የአደጋ መውጫው መንገድ በሻንጣ ተዘግቷል ወይ? ቀበቶው ይቆለፋል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት አያስፈልግም። ስለ መዘግየት ስንናገርም፣ በብልሽት የቆመ አይሮፕላን ላይ የሚጮህ መንገደኛ በአብዛኛው የሚጮኸው ሕይወቱን ባተረፈለት ሰው ላይ ነው።

የሰላሙ ጊዜ ክርክር ይህን ይመስል ነበር። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በመደበኛው ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲጀመር፣ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ከተተኮሱባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው በከተማው መካከል ያለው ማረፊያ ነው። ለመነሣት ይዘጋጅ የነበረ የሳዑዲ አየር መንገድ ኤርባስ ሰው እንደያዘ ተመታ፤ ሠራተኞቹ ወርደው በአገራቸው ኤምባሲ ተጠለሉ። በሜዳው ላይ ቆመው የነበሩ ብዙ አይሮፕላኖች ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ ከካርቱም የሚሸሽ ሰው፣ ባለጸጋውም ድሃውም፣ ወደ ፖርት ሱዳን የተጓዘው በዚያው ከ800 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ላይ በአውቶቡስ ነው። በካርቱም ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወረዱ። ከሁለት ዓመት በላይ ከካርቱም የሚነሣ የመንገደኛ አይሮፕላን አልነበረም።

ጦሩ ማረፊያውን መልሶ የያዘው በማርች 26 ቀን 2025 ነው። በኦክቶበር 21 ቀን ድሮኖች አካባቢውን ደበደቡ። በማግሥቱ፣ በኦክቶበር 22 ቀን፣ ባድር የተባለው የሱዳን አየር መንገድ አይሮፕላን ከፖርት ሱዳን መንገደኞችን ይዞ ተነሣና ካርቱም ዐረፈ። ከጦርነቱ ወዲህ በዚያ ማኮብኮቢያ ላይ ያረፈ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የመንገደኞች በረራ እርሱ ነበር።